ዘመድዎ በአሜሪካ ፌዴራል እስር ቤት የዲሲፕሊን ክስ ሲቀርብበትና የጥበቃ ደረጃ ሲመደብለት፦ ዝርዝር መመሪያ

በአሜሪካ ፌዴራል እስር ቤት ወንድም፣ ልጅ ወይም ባል የታሰረባቸው ቤተሰቦች ደጋግመው የሚሰናከሉት አንድ ቦታ ላይ ነው። ዘመዳቸው ሲከሰስ ወይም ወደ ሩቅና ጥብቅ እስር ቤት ሲመደብ ስልክ ያነሣሉ፤ የእስር ቤቱን ኃላፊ ለማነጋገር ይለምናሉ፤ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ የመልካም ጠባይ ደብዳቤ ያጽፋሉ፤ የተከበረ ሽማግሌ ይልካሉ። በዚህ መካከል 20 ቀን ያልፍና የይግባኙ በር ይዘጋል። ሠራተኞቹ የሚወስኑት ፋይሉ ውስጥ ያለውን ወረቀት አይተው ነው። በጊዜው፣ በትክክለኛው ቅጽ፣ ለሚመለከተው ሰው ያልቀረበ ነገር እውነት ቢሆንም በውሳኔው ላይ ቦታ የለውም።

ከዚህ በታች ያለውን በቅደም ተከተል ይከተሉ። እስረኛው ራሱ ሊያደርገው የሚገባውን ለይቼ ጽፌያለሁ። ያንን ክፍል አትመው በፖስታ ይላኩለት።

መጀመሪያ፦ ይህ መመሪያ ለእርስዎ ይሠራል?

መመሪያው የሚመለከተው በፌዴራል እስር ቤቶች ቢሮ ሥር ያሉትን ብቻ ነው። የቨርጂኒያ፣ የሜሪላንድ፣ የቴክሳስ ወይም የሌላ ግዛት እስር ቤት የራሱ ደንብ አለው። የኢሚግሬሽን ማቆያም እንዲሁ።

አንድ ልዩ ሁኔታ ግን ብዙ ቤተሰብ ያሳስታል። በዋሽንግተን ዲሲ ፍርድ ቤት በከባድ ወንጀል የተፈረደበት ሰው፣ ክሱ የፌዴራል ባይሆንም፣ የሚታሰረው በፌዴራል እስር ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ ሕግ ይህን ወሰነ፤ የዲሲ የነበረው የሎርተን እስር ቤትም በ2001 ተዘጋ። ስለዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የሚኖር ቤተሰብ ልጁን ዌስት ቨርጂኒያ ወይም ፔንሲልቬኒያ ድረስ ሄዶ ሊጠይቅ ይችላል። ለእነዚህም መመሪያው ይሠራል።

እርግጠኛ ለመሆን በቢሮው ድረ ገጽ ላይ በስም ይፈልጉ። ስሙ ከነመዝገብ ቁጥሩና ከታሰረበት ቦታ ጋር ከወጣ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ነው።

ዝግጅት፦ ፋይል ይክፈቱ

ክስ እስኪመጣ አይጠብቁ። ዛሬ የሚከተሉትን በአንድ ማኅደር ያስቀምጡ።

- የእስረኛው የመዝገብ ቁጥር። በሚልኩት ወረቀት ሁሉ ላይ፣ በየገጹ ይጻፉት።
- የዜግነት የምስክር ወረቀት፣ የመኖሪያ ፈቃድ ወይም የኢሚግሬሽን ዳኛ ውሳኔ ቅጂ።
- የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማስረጃ ከእንግሊዝኛ ትርጉሙ ጋር።
- የቤትዎ አድራሻ ማረጋገጫ። ከእስር ሲወጣ የሚያርፍበት ቤት የት እንደሆነ ምደባው ላይ ይታያል።
- የጠበቃው ስምና አድራሻ።
- የቀን መዝገብ፦ ነገሩ የሆነበት ቀን፣ ወረቀቱ እስረኛው እጅ የገባበት ቀን፣ የመጨረሻው ቀን። በአውሮፓ አቆጣጠር ብቻ ይጻፉ።

ዋናውን ሰነድ ፈጽሞ አይላኩ፤ ቅጂ ብቻ ይላኩ።

ደንቦቹንም ያውርዱ። ዲሲፕሊን በፌዴራል ደንቦች ስብስብ ርዕስ 28 ክፍል 541 እና በቢሮው መመሪያ ቁጥር 5270.09 ይመራል። አቤቱታና ይግባኝ በዚያው ርዕስ ክፍል 542፣ የደረጃ ምደባ ደግሞ በመመሪያ ቁጥር 5100.08 ላይ ይገኛል። ደንብ ስለሚሻሻል እስረኛው በእስር ቤቱ የሕግ ቤተ መጻሕፍት ካለው ወቅታዊ ቅጂ ጋር ያመሳክር።

ደረጃ 1፦ ከቅጣት ውሳኔው በፊት ሪፖርቱን ያርሙ

እስር ቤት ውስጥ ለሚሰጠው ውሳኔ ሁሉ መሠረቱ የሚጣለው ገና ፍርድ ቤት ሳሉ ነው። የፕሮቤሽን መኮንን የቅድመ ቅጣት ሪፖርት ያዘጋጃል። ይህ ሪፖርት የወንጀል ታሪክን፣ ዕድሜን፣ ትምህርትን፣ የአደንዛዥ ዕፅና የመጠጥ ሁኔታን፣ ዜግነትንና ቤተሰብን ይዘረዝራል። ምደባውን የሚሠሩት ሠራተኞች እስረኛውን አያዩትም፤ የሚያዩት ይህን ሪፖርት ነው።

1. ሪፖርቱ ከቅጣት ውሳኔው ቢያንስ 35 ቀን አስቀድሞ ለተከሳሹና ለጠበቃው ይሰጣል። ጠበቃው ሲደርሰው ወዲያው ይጠይቁት።
2. ተቃውሞ በጽሑፍ የሚቀርበው ሪፖርቱ በደረሰ በ14 ቀን ውስጥ ነው። ቀኑን መዝገብዎ ላይ ያስፍሩ።
3. ተከሳሹ እንግሊዝኛው የሚከብደው ከሆነ ሪፖርቱ በአስተርጓሚ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይነበብለት። ጠበቃው «ዋና ዋናውን ነግሬዋለሁ» ቢል አይቀበሉት።
4. የሚከተሉትን አንድ በአንድ ይመርምሩ፦ የልደት ቀኑ ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲገለበጥ አልተሳሳተም? የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚያዝ የሌላ ሰው የወንጀል መዝገብ አልተቀላቀለም? ትምህርቱ «ያልተረጋገጠ» ተብሎ አልተጻፈም? ዜግነት ካገኘ ይህ ተመዝግቧል?
5. ጠበቃው ዳኛው ለቤት ቅርብ የሆነ እስር ቤት እንዲያመለክቱ ይጠይቅ። የዳኛው ሐሳብ ቢሮውን አያስገድደውም፤ ሆኖም ፋይሉ ውስጥ ይገባል፣ ይታያልም።

ማስጠንቀቂያ፦ የሪፖርቱን ቅጂ በፖስታ ወደ እስር ቤት አይላኩ። እስረኛ ይህን ሪፖርት በእጁ መያዝ አይፈቀድለትም። ማየት ሲፈልግ ሠራተኛ ጠይቆ ያነባል። ቅጂውን ቤትዎ ወይም ጠበቃው ዘንድ ያስቀምጡ።

ጊዜው ካለፈ፦ ስህተቱን የሚያሳይ ማስረጃ ለኬዝ ማናጀሩ (የእስረኛውን ፋይል ለሚከታተለው የእስር ቤት ሠራተኛ) በጽሑፍ ይቅረብና የፕሮቤሽን ቢሮውን እንዲጠይቅ ይለመን። የፕሮቤሽን ቢሮው «ሪፖርታችን ትክክል ነው» ካለ ግን እስር ቤቱ ያንኑ ይዞ ይቀጥላል። ለዚህ ነው ያ የ14 ቀን ጊዜ ከዚህ መመሪያ ሁሉ ይበልጥ ውድ የሆነው።

ደረጃ 2፦ ነጥቡን ራስዎ ያስሉ

የመጀመሪያው ምደባ የሚሠራው ቴክሳስ፣ ግራንድ ፕሬሪ ከተማ ባለው የቢሮው ማዕከል ነው። ሠራተኛው ቅጽ ላይ ነጥብ ይደምራል፤ ድምሩ የእስር ቤቱን ዓይነት ይወስናል።

ለወንዶች፦ ከ0 እስከ 11 ሚኒመም (ከሁሉ የላላ ጥበቃ)፣ ከ12 እስከ 15 ሎው (ዝቅተኛ)፣ ከ16 እስከ 23 ሚዲየም (መካከለኛ)፣ 24 እና ከዚያ በላይ ሃይ (ከፍተኛ)።
ለሴቶች፦ ከ0 እስከ 15 ሚኒመም፣ ከ16 እስከ 30 ሎው፣ 31 እና ከዚያ በላይ ሃይ።

ነጥብ የሚሰጥባቸው ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው።

- የወንጀሉ ክብደት፦ ከ0 እስከ 7።
- የቀድሞ የወንጀል ታሪክ፦ ከ0 እስከ 10።
- የኃይል ድርጊትና የማምለጥ ታሪክ፣ እንዲሁም በሌላ አካል መፈለግ።
- ዕድሜ፦ 24 ዓመትና ከዚያ በታች 8 ነጥብ፣ ከ25 እስከ 35 ዓመት 4፣ ከ36 እስከ 54 ዓመት 2፣ 55 እና ከዚያ በላይ 0።
- ትምህርት፦ የተረጋገጠ የሁለተኛ ደረጃ ማስረጃ ወይም ጂኢዲ (የሁለተኛ ደረጃ ማስረጃን የሚተካ ፈተና) ላለው 0፣ በጂኢዲ ትምህርት ላይ ላለ 1፣ ሁለቱም ለሌለው 2።
- በቅርብ ዓመታት የዕፅ ወይም የመጠጥ ችግር፦ 1።
- በራሱ እግር ሄዶ እጁን ለሰጠ ከድምሩ 3 ይቀነሳል።

ትንሽ የሚመስለው ትልቅ የሚሆንበትን ይመልከቱ። 17 ነጥብ ያለው ሰው ሚዲየም ይገባል። አዲስ አበባ 12ኛ ክፍል ጨርሶ ማስረጃው ስላልተረጋገጠ 2 ነጥብ ተይዞበት ከሆነ፣ ማስረጃው ሲረጋገጥ ድምሩ 15 ይሆንና ሎው ውስጥ ይወድቃል። በሁለቱ መካከል ያለው የኑሮ ልዩነት ሰፊ ነው። የውጭ አገር ማስረጃ እንዴት እንደሚረጋገጥ እስረኛው የእስር ቤቱን የትምህርት ክፍል በጽሑፍ ይጠይቅ። ማስረጃው እስኪገኝ ጂኢዲ ቢመዘገብና በትምህርቱ ቢገፋ ከሁለቱ አንዱ ነጥብ ይወርድለታል።

ነጥቡ ዝቅ ብሎ ሳለ ደረጃውን ከፍ የሚያደርጉ «የሕዝብ ደኅንነት ምክንያቶች» ደግሞ አሉ። ለእኛ ማኅበረሰብ ዋነኛው የዜግነት ጉዳይ ነው። የአሜሪካ ዜጋ ያልሆነና ሊባረር ይችላል የተባለ ሰው ነጥቡ ሚኒመም ቢሆን እንኳ ከሎው በታች አይመደብም። የኢሚግሬሽን ባለሥልጣን ወይም ዳኛ እንደማይባረር ሲወስን ይህ ምልክት ይነሣል፤ ውሳኔውን ለኬዝ ማናጀሩ የሚያደርሰው ግን ቤተሰብ ወይም ጠበቃ ነው። ዜግነት ያገኘ ሰው በስህተት ይህ ከተጻፈበት የምስክር ወረቀቱ ቅጂ ወዲያው ይላክ። የቀረ የቅጣት ዘመንም ያስራል፦ ለወንዶች ከ10 ዓመት በላይ የቀረው ቢያንስ ሎው፣ ከ20 በላይ ሚዲየም፣ ከ30 በላይ ሃይ።

ስለ ርቀት፦ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ሕግ እስረኛው በተቻለ መጠን ከሚመለስበት ቤት በመኪና መንገድ 500 ማይል ውስጥ እንዲመደብ ያዛል። «በተቻለ መጠን» የሚለው የአልጋ እጥረትን፣ የጥበቃ ደረጃንና ሕክምናን ሁሉ ያካትታል። ያው ሕግ የእስር ቤት ምርጫን በፍርድ ቤት ማስመርመር እንደማይቻልም ይናገራል። «ከሰን እናዛውረዋለን» የሚል ጠበቃ ገንዘብ ሲጠይቅ በየትኛው ሕግ እንደሚሄድ በጽሑፍ ያስረዳዎ። እኔ ያንን ገንዘብ ከዚህ በታች ላለው የይግባኝ ሥራ ብታውሉት እመርጣለሁ።

ደረጃ 3፦ የክፍሉን ስብሰባ ይጠቀሙበት

እስረኛው ከደረሰ በ28 ቀን ውስጥ ኬዝ ማናጀሩ፣ ካውንስለሩና የክፍሉ ኃላፊ ያሉበት ቡድን ያገኘዋል። ከዚያ በኋላ ቢያንስ በየ180 ቀኑ፣ ሊወጣ 12 ወር ሲቀረው ደግሞ በየ90 ቀኑ ይገመገማል። ስብሰባው ከመሆኑ ቢያንስ 48 ሰዓት አስቀድሞ ይነገረዋል።

እስረኛው፦

1. የነጥብ ቅጹን ጠይቆ ያንብብ። እያንዳንዱን ቁጥር በደረጃ 2 ካሰላችሁት ጋር ያስተያይ።
2. ያልተስማማበትን በስብሰባው ላይ ይናገር፤ በዚያው ቀን ደግሞ በእስረኛ ጥያቄ ወረቀት ጽፎ ያስገባ፣ ቅጂም ያስቀር።
3. የፈረመበትን የግምገማ ወረቀት ቅጂ ይቀበል።

ሠራተኞቹ በየጊዜው የሚሞሉት ሌላ ቅጽ አለ። እዚያ ላይ የሚታየው ያለፈው ሳይሆን አሁን ያለው ጠባዩ ነው፦ የታሰረበት ጊዜ መጠን፣ ትምህርትና ሥልጠና፣ የክፍል ንጽሕናና ኑሮ፣ የዲሲፕሊን ክሶች ብዛትና ክብደት፣ የቤተሰብ ግንኙነት። የመጨረሻው ላይ ደካማ ግንኙነት 3፣ መካከለኛ ወይም ጥሩ ግንኙነት 4 ነጥብ ያሰጣል፤ በዚህ ቅጽ ከፍ ያለ ነጥብ ይጠቅማል። ስለዚህ ደብዳቤ ይጻፉ፣ ይጎብኙ፣ የጎብኚ ዝርዝሩን ያሟሉ። ሽማግሌዎቻችንና ካህናቶቻችንም ሥራቸው እዚህ ነው፤ ጎብኚ ሆነው ይመዝገቡ።

ደረጃ 4፦ የጥፋት ሪፖርት ሲመጣ፣ የመጀመሪያው 24 ሰዓት

ሠራተኛው ጥፋቱን ባወቀ በተለምዶ በ24 ሰዓት ውስጥ የጥፋት ሪፖርት እስረኛው እጅ ይገባል። ሪፖርቱ ላይ የኮድ ቁጥር አለ። በ100 የሚጀምሩት ከሁሉ የከበዱ ናቸው፤ አደንዛዥ ዕፅና ሞባይል ስልክ እዚህ ይገባሉ። በ200 የሚጀምሩት ከባድ ናቸው፤ ለምሳሌ ድብድብ። 300 መካከለኛ፣ 400 ቀላል ነው።

እስረኛው በዚህ ቅደም ተከተል ይሂድ።

1. ሪፖርቱ የተሰጠበትን ቀንና ሰዓት ራሱ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ።
2. የኮድ ቁጥሩን አይቶ የዚያን ጥፋት ፍቺ ከደንቡ ያንብብ። ክሱ ፍቺውን የማያሟላ ከሆነ መከላከያው ከዚያ ይጀምራል።
3. መርማሪው መጥቶ ሲጠይቀው ዝም የማለት መብት አለው። ዝምታው በእርሱ ላይ ሊተረጎም ይችላል፤ ብቻውን ግን ጥፋተኛ አያሰኘውም። ነገሩ በፍርድ ቤት የሚያስከስስ ከሆነ ከጠበቃው ሳይነጋገር ምንም አይናገር።
4. የምስክሮችን ስም ለመርማሪው ይስጥና መጻፉን ያረጋግጥ።
5. ካሜራ ካለ ቀኑን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነና ካሜራው ያለበትን ቦታ ጠቅሶ ምስሉ እንዲጠበቅለት በዚያው ቀን በጽሑፍ ይጠይቅ። ምስል ለዘላለም አይቀመጥም። ከሳምንታት በኋላ «ካሜራውን እዩ» ማለት ዋጋ የለውም።

እንግሊዝኛ የማይገባው ከሆነ ይህንኑ ለመርማሪው ይንገርና እንዲመዘገብለት ይጠይቅ፤ አስተርጓሚም በጽሑፍ ይጠይቅ። ሌላ እስረኛ በክሱ ላይ እንዲያስተረጉምለት አይፍቀድ፤ ለሁለቱም መዘዝ አለው።

ለቤተሰብ ማስጠንቀቂያ፦ ስለ ክሱ ዝርዝር በስልክ አይነጋገሩ። ከጠበቃ ጋር ከተፈቀደ ልዩ ጥሪ በቀር ሁሉም ጥሪ ይቀዳል። በአማርኛ መሆኑ አይሸፍንም፤ ተተርጉሞ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። በስልክ የሚበቃው «የኮድ ቁጥሩ ስንት ነው፣ መቼ ደረሰህ፣ ጽፈህ ጠይቀሃል?» ብቻ ነው።

300 እና 400 ኮዶች ያለ ችሎት በስምምነት ሊያልቁ ይችላሉ። ካለቁም ሪፖርቱ ከፋይሉ ይወጣል። ካውንስለሩ ይህን ካነሣ እስረኛው በኩራት አይግፋው።

ደረጃ 5፦ የክፍሉ ኮሚቴ

እስረኞች ዩዲሲ የሚሉት ኮሚቴ፣ ሪፖርቱ የተሰጠበት ቀን፣ ቅዳሜና እሑድ እንዲሁም በዓላት ሳይቆጠሩ፣ በተለምዶ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ነገሩን ያያል። እስረኛው ይቀርባል፣ ቃሉን ይሰጣል፣ ሰነድ ያቀርባል። ኮሚቴው ነፃ ሊለው፣ ጥፋተኛ ሊለው ወይም ወደ ችሎት መኮንኑ ሊያስተላልፈው ይችላል። 100 እና 200 ኮዶች ወዲያውኑ ይተላለፋሉ።

ኮሚቴው ስልክ፣ ጉብኝትና የሱቅ ግዢ ሊከለክል ይችላል፤ የመልካም ጠባይ ቅናሽን (በመልካም ጠባይ ከቅጣት ዘመኑ የሚቀነስለትን ቀን) መውሰድና በዲሲፕሊን ቅጣት ለብቻ ማሰር ግን አይችልም።

ነገሩ ከተላለፈ እስረኛው የመብት ቅጽ ይሰጠዋል። ወኪል ሠራተኛ ይፈልጋል? ምስክር አለው? ብዙዎች ተናደው ወይም ሳይገባቸው ባዶውን ፈርመው ይመልሱታል፤ የሚሸነፉት እዚያ ላይ ነው። ሁለቱንም ይሙላ። ምስክሩ የሚለውን ካልጻፈ ምስክሩ ላይጠራ ስለሚችል እንዲህ ይጻፍ፦ «ምስክሩ እገሌ፣ በእንዲህ ያለ ሰዓት ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ አብረን እንደነበርን ይመሰክራል።» «መልካም ሰው መሆኔን ይመሰክራል» አይበል፤ የጠባይ ምስክር አይጠራም።

ደረጃ 6፦ የችሎት መኮንኑ ፊት

ዲኤችኦ የሚባለው መኮንን በክሱ ውስጥ ያልነበረ ሠራተኛ ነው። እስረኛው ክሱን በጽሑፍ ካወቀ ቢያንስ 24 ሰዓት ሳይሞላ ችሎቱ አይደረግም። እስረኛው ይህን መብት በፊርማ መተው ይችላል፤ አይተወው። ጠበቃ አይገባም። የሚረዳው ወኪል ሠራተኛው ነው። እስረኛው ማንበብና መጻፍ ካልቻለ ወይም ክሱ ካልገባው መኮንኑ ራሱ ወኪል ሊሰይምለት ይችላል፤ ቋንቋ የሚያስቸግረው ሰው ይህንኑ ጠቅሶ ይጠይቅ።

መኮንኑ የሚወስነው በፍርድ ቤት እንደምናውቀው ከጥርጣሬ በላይ በሆነ ማስረጃ አይደለም። ጥቂት እውነታ ይበቃዋል፤ የሚጋጭ ማስረጃ ሲኖር ብቻ የትኛው ሚዛን ይደፋል ብሎ ይመዝናል። እንግዲህ እስረኛው የሚጋጭ ማስረጃ ካላቀረበ የሠራተኛው ሪፖርት ብቻውን ያሸንፋል። «አላደረግኩም» ማለት ብቻ ብዙ ጊዜ ሚዛኑን አያነሣውም።

ለተለመዱት ክሶች ምን እንደሚያቀርብ፦

በጋራ ክፍል የተገኘ ዕቃ። ደንቡ እያንዳንዱ ሰው የሚያድርበትን ቦታ ንጹሕ የማድረግ ኃላፊነት አለበት ይላል፤ ፍርድ ቤቶችም ይህን ብዙ ጊዜ ይቀበላሉ። ስለዚህ የሚያስፈልገው ዝርዝር ነው፦ ዕቃው የተገኘው በማን አልጋ ሥር ወይም በማን ሣጥን ውስጥ ነው? እስረኛው ወደዚያ ክፍል የገባው መቼ ነው? በዚያ ሰዓት በሥራ ቦታ መሆኑን የሚያሳይ መዝገብ አለ? አብሮት የሚያድረው የእኔ ነው ካለ በጽሑፍና በፊርማ ይሁን።

የሽንት ምርመራ። የናሙናውን ርክክብ የሚያሳየው ቅጽና ከሕክምና ክፍል የሚወስደው መድኃኒት ዝርዝር ይጠየቅ። ምርመራውን እንቢ ማለት በራሱ የ100 ኮድ ጥፋት ነው፤ ሰውነቱ ንጹሕ የሆነ ሰው እንኳ በእንቢታ ብቻ ይቀጣል።

ትእዛዝ አለመቀበል። ትእዛዙ ምን ነበር፣ በየትኛው ቋንቋ፣ ስንት ጊዜ ተነገረው? መስማት ወይም መረዳት አለመቻሉን የሚያሳይ የሕክምና ወይም የቋንቋ ማስረጃ ይያያዝ።

በችሎቱ ላይ እስረኛው ምስክርን በቀጥታ አይጠይቅም፤ ጥያቄውን ለወኪሉ ወይም ለመኮንኑ ይሰጣል። አስቀድሞ ይጻፈው። ቃሉን አጭር ያድርግ፣ የተጻፈ ቅጂም ይስጥና ከፋይሉ እንዲያያዝ ይጠይቅ። ምስክር ከተከለከለ ምክንያቱ በመዝገብ እንዲሰፍር ይጠይቅ፤ ይህ ለይግባኝ ይጠቅማል።

ቅጣቱ እንዲህ ነው፦ በ100 ኮድ ከመልካም ጠባይ ቅናሽ ቢያንስ 41 ቀን፣ በ200 ቢያንስ 27 ቀን ይወሰድበታል። ለብቻ መታሰሩ በ100 እስከ 12 ወር፣ በ200 እስከ 6 ወር፣ በ300 እስከ 3 ወር ሊደርስ ይችላል። ቅናሹ በዓመት እስከ 54 ቀን ስለሆነ አንድ የ100 ኮድ ክስ የአንድ ዓመት ቅናሹን አብዛኛውን ይበላል። በ2018ቱ ሕግ በትምህርትና በሥልጠና የሚገኘው የጊዜ ቅናሽም ሊነካ ይችላል።

የዘገየ ሪፖርት ወይም የዘገየ ኮሚቴ ብቻውን ክሱን ያፈርሳል ብላችሁ አትደገፉ። መዘግየቱን መዝግቡት፤ መከላከያውን እንዴት እንደጎዳው፣ ለምሳሌ ምስሉ በመጥፋቱ፣ ካላሳያችሁ ግን ብዙ አይረዳም።

ደረጃ 7፦ ይግባኝ

እስረኛው የችሎቱን የጽሑፍ ውሳኔ በተለምዶ በ15 የሥራ ቀን ውስጥ ያገኛል። ያገኘበትን ቀን ይጻፍበት።

ክሱ በዩዲሲ ካለቀ፣ ወይም ጉዳዩ የደረጃ ምደባ ከሆነ፦
- ምደባ ከሆነ መጀመሪያ ቢፒ 8 (ቢፒ የአቤቱታ ቅጾቹ መጠሪያ ነው) ለካውንስለሩ። ይህ የ20 ቀኑን ጊዜ አያስቆመውም።
- ቢፒ 9 ለእስር ቤቱ ኃላፊ፣ በ20 ቀን ውስጥ። መልስ በ20 ቀን።
- ቢፒ 10 ለቀጠናው ዳይሬክተር፣ ኃላፊው ከፈረመበት ቀን ጀምሮ በ20 ቀን። መልስ በ30 ቀን።
- ቢፒ 11 ለቢሮው ጠቅላይ የሕግ አማካሪ፣ የቀጠናው ዳይሬክተር ከፈረመበት ቀን ጀምሮ በ30 ቀን። መልስ በ40 ቀን።

ክሱን የወሰነው ዲኤችኦ ከሆነ ቢፒ 8ንና ቢፒ 9ን ይዝለሉ። በቀጥታ ቢፒ 10፣ ውሳኔው እጁ በገባ በ20 ቀን ውስጥ። በስህተት ለእስር ቤቱ ኃላፊ አስገብተው ጊዜ የሚያቃጥሉ ብዙዎች ናቸው።

ቀኖቹ የሥራ ቀኖች አይደሉም፤ እሑድም በዓልም ይቆጠራል። ከሁሉ በላይ ይህን አትርሱ፦ አቤቱታ ገባ የሚባለው በፖስታ በተላከበት ቀን ሳይሆን ተቀብለው በመዘገቡበት ቀን ነው። ስለዚህ 20 ቀን ካለው በ10ኛው ቀን ይላክ። ለብቻ ታስሮ ቅጽ ወይም ቴምብር ካጣ፣ መቼና ከማን እንደጠየቀ ይመዝግብና የጊዜ ማራዘሚያ ጥያቄውን ከምክንያቱ ጋር ያያይዝ።

ይግባኝ ተመልካቹ ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ ይግባኙም በእነዚሁ ሦስት ርዕሶች ይጻፍ።

1. ደንቡ ተጠብቋል? (24 ሰዓት፣ ወኪል፣ ምስክር፣ ሰነድ)
2. ውሳኔው በእውነታ ላይ ቆሟል? የሚጋጭ ማስረጃ ከነበረ ተመዝኗል?
3. ቅጣቱ ከጥፋቱ ጋር ይመጣጠናል?

ከቅጹ ሌላ አንድ ተጨማሪ ገጽ ብቻ ይፈቀዳል። ታሪክ አይተረክ። ቢፒ 10 ሲሄድ፣ ቢፒ 9 ቀርቦ ከነበረ፣ የእርሱና የመልሱ ቅጂ፣ ቢፒ 11 ሲሄድ የሁሉም ቅጂ ይያያዝ፤ አለዚያ ይመለሳል። በቅጽ ስህተት ከተመለሰ የመመለሻው ማስታወቂያ ላይ የሚሰጠውን ቀን አይቶ አርሞ ይመልስ፤ «አልተቀበሉኝም» ብሎ አይተው። በተሰጣቸው ጊዜ ካልመለሱ እንደ ተከለከለ ቆጥሮ ወደሚቀጥለው ይሂድ።

እርስዎ ይግባኙን ሊያረቅቁለት ይችላሉ፤ መፈረምና ማስገባት ግን የእርሱ ብቻ ነው። የይግባኙ ደረጃ ሁሉ ሳያልቅ ፍርድ ቤት የሄደ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ሲያልቅና የመልካም ጠባይ ቅናሽ ተወስዶበት ከሆነ በታሰረበት ወረዳ ላለው ፌዴራል ፍርድ ቤት አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ያቀርባል። ፍርድ ቤቱ የሚያየው የ1974ና የ1985 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔዎች የደነገጉትን ነው፦ ማስታወቂያ፣ ማስረጃ የማቅረብ ዕድልና የጽሑፍ ምክንያት ተሰጥቶታል? ውሳኔውን የሚደግፍ ጥቂት ማስረጃ አለ?

ቤተሰብ ራሱ የሚያመጣው ክስ

በደግነት የተደረገ ነገር ዘመድዎን እንዳያስቀጣ፦

- እርሱ ሲደውል ሌላ ሰው በመስመር አያስገቡ፣ ጥሪውንም አያስተላልፉ። አዲስ አበባ ያለች እናት ድምፁን እንድትሰማ ብሎ የተደረገ የሦስትዮሽ ጥሪ እንኳ የስልክ ጥፋት ሆኖ በ300 አንዳንዴም በ200 ኮድ ያስከስሳል። እናት ከእርሱ ጋር መነጋገር ካለባት ቁጥሯ በተፈቀደለት ዝርዝር እንዲገባ ራሱ ያመልክት።
- ለሌላ እስረኛ ሒሳብ ገንዘብ አይላኩ። «የአገራችን ልጅ ነው፣ ቤተሰብ የለውም» ብለው ቢያዝኑም ያለ ሠራተኛ ፈቃድ የተደረገ ከሆነ ዘመድዎ በኮድ 328 ሊጠየቅ ይችላል።
- የሌላ እስረኛን መልእክት አያቀብሉ፣ በሌላ እስረኛ የስልክ ኮድ የተደወለ ጥሪም አይቀበሉ።

ደረጃ 8፦ ከውሳኔው በኋላ ፋይሉን ያረጋግጡ

ይግባኙ ውድቅ ከሆነ፦ ክሱ በምደባ ቅጹ ላይ ለስንት ጊዜ እንደሚቆይ ይወቁ። የ100 ኮድ ጥፋት 10 ዓመት ወደ ኋላ ይታያል፤ የክሶች ብዛት ግን የሚቆጠረው ባለፉት 12 ወራት ውስጥ ነው። ወደ ቤት ቅርብ ለመዛወር በአብዛኛው 18 ወር ያለ ክስ መቆየት ይጠበቃል። ያንን ቀን አሁኑኑ አስልተው ይጻፉት፤ ሲደርስ እስረኛው በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ሠራተኛ ያስታውሰኛል ብሎ አይጠብቅ።

ክሱ በይግባኝ ከተሰረዘ፦ ከዲሲፕሊን መዝገቡ መውጣቱን፣ የተወሰደበት ቀን በቅጣት ስሌት ወረቀቱ ላይ መመለሱንና በክሱ ምክንያት የተጨመረ ነጥብ በምደባ ቅጹ ላይ መስተካከሉን ሦስቱንም ለየብቻ ያረጋግጥ። አንዱ ሲታረም ሌላው ሳይታረም የሚቀርበት ጊዜ አለ። ያልታረመ ካለ የይግባኙን ውሳኔ ቅጂ አያይዞ ለኬዝ ማናጀሩ ይጻፍ፤ ካልተመለሰለት አዲስ የ20 ቀን ጊዜ ቆጥሮ ከቢፒ 8 ይጀምር።